ሊብሬው «ቀይ» ይላል፤ መኪናዬ ግን ሮዝ ነበረች

ትራፊክ ፖሊሱ መንጃ ፈቃዴን መለሰልኝና ሊብሬውን ማገላበጥ ጀመረ። ቀና ብሎ መኪናዋን አየ። ደግሞ ሊብሬውን አየ። ደግሞ መኪናዋን…

«ቀለሟን ስትቀይር አስመዝግበሃል?»

«አልቀየርኩም።»

«እዚህ ላይ ቀይ ነው የሚለው።»

«እሷም ቀይ ናት።»

ሰውየው አልተቆጣም። ኮፋኖዋን በእጁ ዳበስ አደረገና መዳፉን ገልብጦ አሳየኝ። ሮዝ ዱቄት! ጠመኔ ሲፈጭ የዋለ አስተማሪ ይመስላል። «ወንድሜ፣ ይቺ ቀይ ከሆነች እኔም ጄኔራል ነኝ» ብሎ ሊብሬውን አቀበለኝና አሰናበተኝ።

ውድ አንባብያን፣ ከጎኔ እጮኛዬ ባትኖር ኖሮ ነገሩ ቀልድ ሆኖ ባለፈ። እሷ ግን ከአራት ኪሎ እስከ ፒያሳ ድረስ ሳቋን ማቆም አቃታት። በነገራችን ላይ እኔም ብሆን ከእሷ ጋር በተዋወቅን ሰሞን ቮልሷን አንድ መንገድ ወዲያ አቁሜ በእግሬ ነበር የምሄደው። ተማሪ ሳለሁ ደግሞ አባቴን «እዚህ ጋ ይበቃኛል» እያልኩ ከትምህርት ቤቱ በር ሁለት መቶ ሜትር ቀድሜ እወርድ ነበር። ታዲያ አሁን ላወራችሁ የፈለግኩት ያቺን ሮዝ መኪና እንዴት አድርጌ ወደ ቀይ እንደመለስኳት ነው። አብሮ የወጣ ሌላ ጉድ አለ፤ እሱንም አልደብቃችሁም።

ቮልሷ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር የ1972 ሥሪት ናት። አባባ የገዟት እኔ ሳልወለድ፣ ወደ አገሩ ከሚመለስ የውጭ ዜጋ ላይ ነው። እናቴ ዛሬም ድረስ ስትቀልድባት «ጃንሆይን ያወረደች ዘር» ትላታለች፤ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሡን ከቤተ መንግሥት ይዛ የወጣችው ቮልስዋገን ስለነበረች ነው። የእኛዋ ግን ያወረደችው እኔንና ወንድሜን፣ ያውም ትምህርት ቤት በር ላይ ብቻ ነው።

በልጅነቴ ቀይ ነበረች። እንደ በርበሬ ሳይሆን እንደ በሰለ ቲማቲም ያለ ቀይ። በቆርቆሮ ጥላ ሥር ነበር የምታድረው። ኋላ ኑሮ ሲከብድ ጥላው ፈርሶ የሚከራዩ ሁለት ክፍሎች ተሠሩበትና ቮልሷ ደጅ ቀረች። የእኔና የወንድሜ የትምህርት ቤት ክፍያ ከእነዚያ ክፍሎች ኪራይ ነበር የሚወጣው። እናንተው አስቡት፤ እኛ ስንማር እሷ ፀሐይ ትሞቃለች ማለት ነው። ከአሥራ አምስት ዓመት በላይ!

አባባ ሠላሳ አራት ዓመት አማርኛ አስተምረው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ዓይናቸውን ግላኮማ ይዟቸው መንዳት ካቆሙ ሁለት ዓመት ሆናቸው። አሁን የሚያዩት ጥላና ብርሃን ብቻ ነው። ቁልፉን ሲሰጡኝ «ዘይቷን እንዳትረሳ» ከማለት በቀር ብዙ አልተናገሩም።

ከትራፊኩ ጉዳይ በኋላ መኪናዋን ቀለም ቀቢ ዘንድ ወሰድኳት። ሰውየው ዞር ዞር ብሎ አያትና «ሙሉ በሙሉ እስከ ላሜራው ተልጣ፣ ስቱኮ ተደርጎላት፣ ነጭ ፐርል ብትሆን ሙሽራ ትመስላለች» አለኝ። የጠራው ዋጋ የሰባት ወር ደመወዜ ነው። እኔ ሞኙ ለመበደር ማሰብ ጀመርኩ። ማታ ለአባባ ነገርኳቸው። ረጅም ጊዜ ዝም አሉ።

«ቀይ ናት እኮ» አሉ።

ለካ እሳቸው ሮዝ መሆኗን አላዩም! ዓይናቸው የደከመው እሷ እየነጣች በሄደችበት ዘመን ነው። እሳቸው ዘንድ ቮልሷ ያው ቀይ ናት። ከዚያ በኋላ ነጭ ፐርል የሚባል ነገር ከአፌ አልወጣም።

ያዳኑኝ የሰፈራችን ጋሼ ናቸው። በወጣትነታቸው ጋራዥ ውስጥ ቀለም ሲቀቡ የኖሩ፣ አሁን ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው አላፊ አግዳሚውን መኪና የሚተቹ ሽማግሌ። «ያረጀ ነጭ ካናቴራ አምጣ» አሉኝ። ጨርቁን አርጥበው፣ ፖሊሽ ጠብ አድርገው፣ ኮፋኖዋ ላይ የመዳፍ ያህል ቦታ ፈተጉ። ጨርቁ ቀይ ሆነ።

«እሰይ!» አሉ።

«ጋሼ፣ ቀለሙ ተነስቶ አለቀ እኮ! ምኑ ነው እሰይ?»

«ዝም ብለህ እየው።»

በደረቅ ጨርቅ ሲያብሱት ሮዙ መሃል ላይ አንዲት ቀይ ክብ ወጣች። የበሰለ ቲማቲም! እውነቴን ነው የምላችሁ፣ የልጅነቴን ሽታ የሸተተኝ መሰለኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የድሮ መኪኖች ቀለም ከላይ እስከ ታች አንድ ዓይነት ነው። ጋሼ ሲያስረዱኝ «እንደ ሳሙና ቁጠረው» አሉኝ። የሰነበተ ሳሙና ላዩ ይደርቃል፣ ይነጣል፤ ፋቅ ስታደርገው ከሥሩ ያው ሳሙና ነው። ፀሐይዋ ቀለሙን አያይዞ የሚይዘውን ነገር ከላይ በኩል ትሰብረዋለች፤ ላዩ ይሻክርና እንደ ጠመኔ ይቦናል፤ ብርሃን ሲያርፍበት ይበታተንና ለዓይን ነጣ ብሎ ይታያል። ቀይ ደግሞ ከሁሉም ቀለም ይብስበታል። አዲስ አበባ 2,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች የጨረሩ ኃይል ቆላ ካለ ከተማ ይበረታል። ብርድ ስለሆነ ፀሐይ የለም ብላችሁ እንዳትሸወዱ።

አዳዲሶቹ መኪኖች ግን ሌላ ናቸው። በእነሱ ላይ ከቀለሙ በላይ «ክሊር» የሚባል ቀለም አልባ ልባስ አለ። መታወቂያ ላይ የሚለበጠውን ፕላስቲክ አስቡ። ጨርቁ ነጭ ሆኖ ከቀረ መኪናችሁ ባለ ክሊር ነው። ክሊሩ የደበዘዘ ብቻ ከሆነ ፖሊሽ ይመልሰዋል። እንደ እባብ ቆዳ መላላጥ ከጀመረ ግን እጃችሁ እስኪዝል ብትፈትጉ አይመለስም፤ ያ ክፍል ተፍቆ እንደገና መቀባት አለበት። ስለዚህ ገንዘባችሁን ከማውጣታችሁ በፊት ያችን የካናቴራ ፈተና አድርጉ። እኔን ከሰባት ወር ደመወዝ ያዳነችኝ እሷ ናት።

ሶማሌ ተራ ወርጄ ዕቃ ገዛሁ። ሻካራ ፖሊሽ፣ ለስላሳ ፖሊሽ፣ ሰም፣ የወረቀት ፕላስተርና ስፖንጅ። ሦስት ቅዳሜና ሦስት እሑድ ፈጀብኝ።

መጀመሪያ እጥበት ነው። በልብስ ሳሙና ዱቄት ሳይሆን በመኪና ሻምፖ፣ በሁለት ባልዲ፤ አንዱ ሳሙና፣ አንዱ ጨርቁ የሚለቀለቅበት ንጹሕ ውሃ። ቆሻሻውን መልሳችሁ መኪናው ላይ እንዳትፈትጉት ነው። ከዚያ ለዚሁ ሥራ የሚሸጥ እንደ ሊጥ ያለ ማጽጃ አለ፤ በሳሙና ውሃ እያራሳችሁ ስታንሸራትቱት ውሃ ያላነሳውን ሁሉ ያነሳል። መሬት ከወደቀ ግን ጣሉት። የያዘው ጠጠር ይቧጥጣልና።

ቀጥሎ ጎማውንና ኒኬሉን በፕላስተር መሸፈን። ይህን የዘለለ ሰው የፖሊሽ ነጭ እድፍ ከጎማ ላይ ሲለቅም ዕድሜውን ይጨርሳል።

ከዚያ በኋላ ነው ዋናው ሥራ። ሥራው ጥላ ውስጥ፣ ላሜራው ቀዝቅዞ ሳለ ነው የሚሠራ። የሽንብራ ፍሬ የምታህል ሻካራ ፖሊሽ ስፖንጁ ላይ፣ ሁለት መዳፍ የምታህል ቦታ፣ መጀመሪያ ጫን ኋላ ላላ እያደረጉ። ስፖንጁ ቶሎ ቶሎ በቀለም ይዘጋል፤ መታጠብ አለበት። ጋሼ አንድ ነገር ጨመሩልኝ። የድሮ ቀለም ጥም አለበት አሉ። ቅባትነት ያለውን ለስላሳ ፖሊሽ ወፈር አድርጌ ቀብቼ ሌሊቱን እንዳሳድረው አዘዙኝ። ጠዋት ስጠርገው ቀለሙ ከማታው ይልቅ ጠቁሮና ጠልቆ አገኘሁት።

ሁለተኛው ቅዳሜ ላይ በእጅ መፈተግ ሰለቸኝና የሚሽከረከር ማሽን ተከራየሁ። አወይ ጥፋቴ! የኮፋኖዋ ሸንተረር ላይ አምስት ሰከንድ አሳረፍኩት፤ ግራጫው መነሻ ቀለም ብቅ አለ። በሸንተረርና በጠርዝ ላይ ቀለም ስስ ነው። ማሽን የምትፈልጉ ከሆነ እየዞረ የሚርገፈገፈውን ዓይነት ያዙ፣ እሱ ይታገሣል፤ ጠርዙን በእጅ ተዉት። ጋሼ ግራጫዋን ቦታ አይተው አልተቆጡኝም። «የቸኮለ ሰው ፊርማ» አሏት። ዛሬም እዚያው አለች።

አንዳንዱ «በናፍጣ ብትወለውላት ታበራልሃለች» ብሎ ይመክራል። አዎ፣ እስከ ማታ ታበራለች። በማግስቱ የከተማውን አቧራ ሁሉ ትሰበስባለች፣ ጎማውም ይበላሻል። የጥርስ ሳሙናም ጥቂት ይፈትግ ይሆናል እንጂ አይጠብቅም። የፍሬን ዘይትማ ቀለም ይበላል፤ ከአጠገቧም አታድርሱት። ደረቁን በብርጭቆ ወረቀት የምትፍቁ ደግሞ አፍና አፍንጫችሁን ሸፍኑ፤ የጥንት ቀለም እርሳስ ሊኖርበት ይችላል።

በሦስተኛው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የኋላ ግራ ፓራፋንጎ ላይ ደረስኩ። እስከዚያ ሲያፏጭ የነበረው አፌ እዚያ ላይ ተዘጋ።

ሮዙ ዱቄት ሲነሳ ከሥሩ ፊደል ወጣ። ጠቆር ባለ ቀይ፣ ትንሽ ከፍ ብሎ፣ የልጅ እጅ ጽሑፍ። የወንድሜ ስም።

ታሪኩን ከነድንቁርናው ልንገራችሁ። 1994 ዓ.ም. ነው፤ እኔ ሰባት ዓመቴ፣ ወንድሜ አሥራ አንድ። ብስክሌቱን ከለከለኝ። ምስማር ይዤ ከቮልሷ ጀርባ ገባሁና ስሙን ጻፍኩበት፤ እሱ ነው እንዲባል። ተባለም። አባባ በቀበቶ ገረፉት። እሱ «እኔ አይደለሁም» ይላል፣ እሳቸው «ስምህ ይመሰክራል» ይላሉ። ግርፋቱ አንድ ቀን ነው። ከዚያ ወዲያ ግን ትምህርት እስኪዘጋ ድረስ መኪናዋ ውስጥ እንዳይገባ ተከለከለ። እሱ በእግሩ፣ እኔ በመኪና። አንድ ቀን ዝናብ ሲወርድ ቦርሳውን በራሱ ላይ አድርጎ ሲሮጥ አለፍነው። ከኋላ ወንበር ሆኜ አየሁት። እጄን አወዛወዝኩለት። ለምን እንዳወዛወዝኩ ዛሬም አይገባኝም።

አባባ ጭረቱን በትንሽ ብሩሽ ቀይ ቀለም ሞሉት። ያ ቀለምና የፋብሪካው ቀለም አብረው ሲነጡ ልዩነታቸው ጠፋ፤ ጭረቱ ከዓይናችን ተሰወረ። እኔም ረሳሁት። ወይም የረሳሁ መሰለኝ። ፖሊሹ ግን ሁለቱን ቀለሞች ለየብቻ አወጣቸው።

እውነቱን ልናገር። መጀመሪያ ያሰብኩት ማጥፋት ነው። ቁጥር 2000 የብርጭቆ ወረቀት ውሃ ውስጥ ነክሬ፣ እንጨት ላይ ጠቅልዬ አዘጋጀሁ። አሥር ደቂቃ ሥራ ነው፤ ማንም ሳያይ። አባባ እንደሆኑ አያዩም። ጋሼ አጥሩ ላይ ሆነው «እዚያ ጋ ፍቀህ አትጨርሰው፣ ጭረቱ ላሜራ ሳይደርስ አልቀረም» አሉኝ። እሳቸው ስለ ቀለሙ ነው ያወሩት። እኔ ግን ወረቀቱን አስቀመጥኩና ፓራፋንጎውን በሸራ ሸፍኜ ገባሁ። ሌሊቱን እንቅልፍ የሚባል አልነበረም።

እሑድ ጠዋት ሰሙን ቀብቼ ጨረስኩ። ሰም ስስ መሆን አለበት፤ የወፈረው ሁሉ ተወልውሎ ነው የሚጣለው። አባባ በዱላቸው እየተመሩ ወጡ። «አምጣት እስቲ» አሉኝ፤ መኪናዋ የቆመች እንዳልሆነች። መዳፋቸውን ኮፋኖዋ ላይ አሳረፉ። በሩን፣ ጣሪያውን፣ መስታወቱን እየዳበሱ ሄዱ። «እንዴት ለስልሳለች!» አሉ። ልከለክላቸው ፈለግኩ፤ ግን ምን ብዬ?

ፓራፋንጎው ላይ ሲደርሱ እጃቸው ቆመ።

«እዚህ ጋ የወንድምህ ስም ነበር።»

«አለ፣ አባባ። ወጥቷል።»

በጠቋሚ ጣታቸው መከተል ጀመሩ። ቀስ ብለው፣ ልክ ደብተር ሲያርሙ እንደነበረው። የመጀመሪያው ፊደል ላይ ተመለሱ። ደግመው ተከተሉት። ሦስተኛ ጊዜም።

«ይኼ ሁለት እግር ነው» አሉ።

ዝም አልኩ።

የወንድሜን ስም እዚህ ላይ አልጽፈውም፤ በንጉሡ ሠ ግን ነው የሚጀምረው። ሦስት ጣት ባለው። በእኛ ቤት ይህ ትንሽ ነገር አልነበረም። አባባ ልጃቸው ስሙን በእሳቱ ሰ ከጻፈ ደብተሩን ያስደግሙት ነበር፤ አምስት ዓመት ሳይሞላው ጀምሮ። እሱ በሕልሙም ቢሆን ስሙን በእሳቱ ሰ አይጽፍም። ገና ፊደል የምቆጥረው እኔ ነበርኩ።

«ሠላሳ አራት ዓመት የሰው ልጅ ደብተር አርሜ…» አሉ፤ አልጨረሱትም። ከዚያ ዞር ሳይሉ «ማነው የጻፈው?» አሉኝ።

«እኔ ነኝ፣ አባባ።»

ምንም አላሉም። በርጩማ እንዳመጣላቸው በእጃቸው አመለከቱኝ። ከመኪናዋ አጠገብ ተቀመጡ። እናቴ ቡና ብላ ጠራቻቸው፣ አልሄዱም። ወንድሜ ዋሽንግተን ነው የሚኖረው፤ እዚያ እስኪነጋ ይጠብቁ ነበር። አሥር ሰዓት ሲሆን «ደውልልኝ» አሉ።

ድምፁን ከፍ አድርጌ ስልኩን በእጃቸው ሰጠኋቸው። ሰላምታ እንኳ በቅጡ አልተለዋወጡም።

«ልጄ፣ ያ ቮልሷ ላይ የተጻፈው… በእሳቱ ሰ ነው።»

ከወዲያ ትንሽ ዝም ተባለ።

«አባባ፣ ያን ጊዜ ነግሬዎት ነበር እኮ። ፊደሉን ይዩት ብዬ።»

«አላየሁም» አሉ አባባ።

ከዚያ ሁለቱም ስለ ሌላ ነገር ማውራት ጀመሩ። ስለ እሱ ልጆች፣ ስለ በረዶ፣ ስለ ዓይን ጠብታ። ስልኩ ወደ እኔ ሲመጣ እሱ ይስቃል ብዬ ጠበቅኩ። ትልቅ ወንድም አይደል? «አንተ ሌባ» ብሎ ይተወዋል ብዬ።

«ያን ዓመት ስንት ቀን በእግሬ እንደሄድኩ ታውቃለህ?» አለኝ።

«አላውቅም።»

«እኔ አውቃለሁ» አለኝ። ይቅርታ ስለው ሰማኝ፤ «እሺ» አለ። ስንዘጋጋ ግን «እንዳታጠፋው፣ ስመጣ ላየው እፈልጋለሁ» አለኝ። ከዚያ ወዲህ ሁለት ጊዜ ደውሏል፤ ሁለቱንም ጊዜ ለአባባ ነው።

ቮልሷን አሁን በሸራ ነው የማሳድራት፤ የምትተነፍስበት ሸራ ይሁን እንጂ ፕላስቲክ አይሁን፣ እርጥበት ይዞ ያበላሻታል። የወፍ ኩስ ካረፈባት እስኪደርቅ አልጠብቅም። ሰሙ በእኛ ፀሐይ ከሁለት ከሦስት ወር በላይ አይከርምምና በየሁለት ወሩ እደግመዋለሁ። የኋላ ግራ ፓራፋንጎ ላይ ስደርስ ሰሙ ፊደሎቹ ጠርዝ ላይ ገብቶ ነጭ ሆኖ ይደርቃል፤ ጨርቅ አያወጣውም። በለስላሳ የጥርስ ብሩሽ አንድ በአንድ ነው የማወጣው፤ ከሁለት እግሩ ሰ ጀምሬ።